አዲሱን ፕሮሰሰር ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ? በአዲስ አበባ ለጌም ኮምፒውተር ለሚያስገጣጥሙ የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

አንድ አምራች አዲስ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራ ዋና ቺፕ) ሊያወጣ መሆኑን ባስታወቀ ቁጥር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው እምብርት ኮምፒውተር የሚገጣጥሙና የሚያስገጣጥሙ ወጣቶች «ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄው ከባድ የሚሆነው የሚነጻጸሩት ሁለት ነገሮች እኩል ስለማይታወቁ ነው። አንዱ በገበያ ላይ ያለ፣ ብዙ ሰው የፈተነው፣ ጥንካሬውም ጉድለቱም የተገለጠ ዕቃ ሲሆን፣ ስለ ሌላው ግን እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከሠሪው አፍ የወጣ ነው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። በእኛ ከተማ ላለ ተጫዋች የሚበጀው ባዶ ኬዝ ታቅፎ መጠበቅ ወይም ላልወጣ ዕቃ ቀብድ መክፈል ሳይሆን፣ አዲሱ ፕሮሰሰር ሲመጣ ሊቀመጥበት የሚችል ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ዛሬ ገዝቶ፣ መጠነኛ ፕሮሰሰር አስገብቶ መጫወት መጀመር ነው።

ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ በ2016 ዓ.ም. የገጠመኝ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት መጨረሻ የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ በታይፔ በተካሄደው የኮምፒዩቴክስ ዐውደ ርእይ ላይ የራይዘን 9000ን ትውልድ አስተዋወቀ፤ አዲሱ የዜን 5 ኮር (ፕሮሰሰሩ ሥራውን የሚያከናውንበት ክፍል) በአንድ የሰዓት ምት የሚሠራው ሥራ ከቀዳሚው በአማካይ 16 በመቶ እንደሚበልጥም ተናገረ። እኔም ስምንት ኮር ያለውን ራይዘን 7 9700ኤክስ ለማስመጣት ፒያሳ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ነጋዴ በሰኔ ወር የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ሰጠሁ። ሽያጩ ሐምሌ 24 ቀን እንዲጀመር ታቅዶ ነበር፤ ሆኖም አምራቹ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የሚጠበቅባቸውን የጥራት ደረጃ ሙሉ በሙሉ አላሟሉም በማለት ወደ ነሐሴ 2 አሸጋገረው። በመካከሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴው «ወንድሜ፣ ዶላሩን እያየኸው ነው፤ በድሮው ዋጋ ማምጣት አልችልም» አለኝ። በወረቀት የሰፈረ የዋጋ ስምምነት ስላልነበረን የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ገንዘቤ የተመለሰልኝ ከሁለት ወር ምልልስ በኋላ ነው፤ በተመለሰበት ቀን የሚገዛው ነገር ግን በሰኔ ከሚገዛው በእጅጉ ያንስ ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስተማረኝ ከዚያ የተከተለው ነው። ነሐሴ ላይ የገለልተኛ ፈታኞች ውጤት ሲወጣ፣ 9700ኤክስ በጌም ከቀዳሚው 7700ኤክስ ብዙም እንደማይርቅ፣ ከእርሱ በፊት የወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ደግሞ በአብዛኞቹ ጌሞች እንደሚቀድመው ታየ። አምራቹ በበኩሉ ለልዩነቱ ምክንያት የሆኑት የፍተሻው አደራረግና የዊንዶውስ ሁኔታ መሆናቸውን አብራራ፤ ነገር ግን ቀጥሎ የመጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ የቀደመውን ትውልድ ጭምር ስላፈጠነው ርቀቱ የታሰበውን ያህል አልሰፋም። ስለዚህ በመግቢያው ዕለት የሚታየው የመቶኛ ቁጥር ውሸት ባይሆንም፣ እርስዎ ቤት ውስጥ የሚያገኙት ቁጥር ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ቁጥር ሲቀርብልዎ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎ በየትኛው ሪዞሉሽን (የምስል ጥራት) እና ምስሉን በሚሠራው በየትኛው ግራፊክስ ካርድ እንደተለካ ነው። ፕሮሰሰሮችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው በገበያው ላይ ያለውን እጅግ ኃይለኛ ካርድ፣ ለምሳሌ አርቲኤክስ 5090ን፣ በ1080ፒ ሪዞሉሽን ያሠራል፤ ይህን የሚያደርገውም ካርዱ ሥራ እንዳይበዛበትና የፕሮሰሰሩ ልዩነት ጎልቶ እንዲታይ ነው። ዘዴው ለፈታኙ ትክክለኛ ነው። ቤቱ ያለው ካርድ አርቲኤክስ 3060 ወይም አርኤክስ 6600 ለሆነ ሰው ግን ያ 15 ወይም 20 በመቶ ልዩነት ከዓይን ሊሰወር ይችላል፤ ምክንያቱም ካርዱ ራሱ ከዚያ በፊት አቅሙን ይጨርሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር ተነጻጸረ የሚለው ነው። አምራቾች አዲሱን ከሁለት ትውልድ በፊት ከነበረው ወይም ለጌም ካልተሠራው የተፎካካሪ ሞዴል ጋር ማቆም ይወዳሉ፤ የእርስዎ ውሳኔ ግን ዛሬ በእጅዎ ባለውና በተመሳሳይ ገንዘብ በሚገዛው መካከል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊጋኸርዝ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት ፍጥነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሚያዝያ ወር የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ከፍተኛ ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ከእርሱ የቀደመው 5800ኤክስ ግን 4.7 ይደርስ ነበር። በወረቀት ላይ አዲሱ የዘገየ ይመስላል፤ በጌም ግን በግልጽ ቀደመ። ምስጢሩ ካሹ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻ ነው፦ 5800ኤክስ 32 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ ሲኖረው፣ 3ዲ የሚለውን ስም የያዘው ተጨማሪ 64 ሜጋባይት በላዩ ላይ ተደርቦለት 96 ሜጋባይት አለው። ካሽን ከምድጃው አጠገብ እንዳለ የቅመም መደርደሪያ፣ ራምን ደግሞ እንደ ጓዳ ብንወስደው ነገሩ ይገለጣል። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨውና በርበሬ ባስፈለጋት ቁጥር ጓዳ ከተመላለሰች፣ እጇ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሥራው ይጓተታል። ከካሽ መረጃ ለማምጣት 10 ናኖ ሰከንድ ገደማ ሲበቃ፣ ከራም ለማምጣት 70 ወይም 80 ናኖ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ጌም ደግሞ የሺህ ገጸ ባሕርያትንና ዕቃዎችን ቦታና ሁኔታ በእያንዳንዱ ፍሬም (በስክሪኑ ላይ ተከታትለው ከሚመጡት ምስሎች አንዱ) እያገላበጠ የሚያነብ ፕሮግራም ስለሆነ ጓዳ መመላለሱ ይጎዳዋል። ስለ አዲሱ ፕሮሰሰር የሚወጣውን ማስታወቂያ ሳነብ እኔ ዓይኔን መጀመሪያ የምጥለው በካሹ መጠን ላይ ነው፤ ከዚያም በኮር ብዛቱ፣ ፍጥነቱንም በመጨረሻ። ለጌም ስምንት ኮር እስካሁን በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ስድስትም ብዙዎቹን ጌሞች ያጫውታል።

ከአማካዩ የፍሬም ቁጥር ጎን ለጎን «አንድ በመቶ ዝቅተኛ» የሚባለውን፣ ማለትም እጅግ የዘገዩትን አንድ በመቶ ፍሬሞች የሚያሳየውን ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል። በሰከንድ 60 ፍሬም ማግኘት ማለት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ አለበት ማለት ነው፤ 144 ኸርዝ ሞኒተር ላላቸው ደግሞ ጊዜው ወደ 6.9 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። አማካዩ ከፍ ያለ ሆኖ እጅግ የዘገዩት ፍሬሞች ከቀሩት ብዙ ከራቁ፣ ተጫዋቹ የሚሰማው ጨዋታው እየተቆራረጠ መሆኑን ነው። ከመግቢያው ዕለት ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ቁጥር ነው።

አዲስ ፕሮሰሰር የሚያስፈልግዎ መሆኑን ገንዘብ ሳያወጡ ቤትዎ ማረጋገጥ ይቻላል። ባለፈው ወር ካዛንቺስ የሚኖር ጓደኛዬ ራይዘን 5 3600 ያለውን ኮምፒውተሩን ልሸጠው ነው ብሎ ጠራኝ። ካውንተር ስትራይክ 2ን ከፍተን፣ የፍሬም ቁጥሩን በስክሪኑ ጥግ አስነብበን፣ ሪዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አደረግነው። ምስሉ ደበዘዘ፣ የወታደሮቹ ጠርዝ ተሰነጣጠረ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህ ማለት ካርዱ ሥራውን ጨርሶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ምስሉ የከበደ ሌላ ጌም ከፍተን ያንኑ ስናደርግ ቁጥሩ ወዲያው ተተኮሰ፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚያጥረው ካርዱ ነበር። የትኛውን ጌም የበለጠ እንደሚጫወት ጠየቅሁት፤ ካውንተር ስትራይክ ነው አለኝ። ለእርሱ የፕሮሰሰር ለውጥ ትርጉም አለው። መልሱ ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ካርድ ላይ እንዲያውል እመክረው ነበር። በነገራችን ላይ፣ በዱባይ ወይም በአውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ሲጫወቱ የሚታየውን የፒንግ (የኢንተርኔት ምልልስ) መዘግየት የትኛውም ፕሮሰሰር አያስተካክለውም።

አሁን ወደ አማራጮቹ እንምጣ። የጓደኛዬ ዓይነት ኮምፒውተር ያለው ሰው፣ ማለትም የኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ያለው ማዘርቦርድና የቀደመውን ትውልድ ዲዲአር4 ራም የያዘ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ፕሮሰሰሩን ብቻ ስለ መቀየር ነው። ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ጥር መጨረሻ በ249 ዶላር ሲወጣ እንደ 5800ኤክስ3ዲ ሁሉ 96 ሜጋባይት ካሽ ይዞ ነው፤ ፍጥነቱ ትንሽ ዝቅ ቢልም ባዮስ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ከማደስ በቀር ማዘርቦርድም ራምም አያስለውጥም። አዲስ ሆኖ ማግኘቱ እየከበደ ስለሆነ ያገለገለ መፈለግ ሊኖርብዎ ይችላል። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ መናሩ ደግሞ ያለውን ራም ይዞ የመቆየትን ጥቅም ከፍ አድርጎታል። ይህ ሰው ያልወጣውን ፕሮሰሰር የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ አዲሱ ሲመጣ ዋጋው የፕሮሰሰሩ ብቻ ሳይሆን የማዘርቦርዱና የዲዲአር5 ራሙም ጭምር ይሆንበታልና።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ግን የማደላው ለኤኤም5 ሶኬት ነው። ይህ ሶኬት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የወጣ ሲሆን፣ ኤኤምዲ እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፈው በይፋ ተናግሯል። የቀደመው ኤኤም4 ከመጀመሪያው ራይዘን እስከ 5700ኤክስ3ዲ ድረስ ለዓመታት ማገልገሉ ቃሉን ለማመን ያበረታታኛል። ዛሬ ደህና ማዘርቦርድ ይግዙና በላዩ ራይዘን 5 7600 ወይም 7500ኤፍ ያስቀምጡ። ሁለቱም ስድስት ኮር አላቸው፣ ሁለቱም 65 ዋት ናቸው። እኔ ግን በትንሽ የዋጋ ልዩነት 7600ን እመርጣለሁ፤ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርድዎ ቢበላሽና ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ቢወስድ ኮምፒውተሩ አይዘጋም፣ በካርቶን ሲገዛም ኩለር (ማቀዝቀዣ) አብሮት ይመጣል። አዲሱ ፕሮሰሰር ወጥቶ፣ ተፈትኖ፣ ዋጋው ሲረጋጋ 7600ውን ሸጠው በዚያው ሶኬት ይተኩታል።

ገንዘቡ ያለውና ዛሬውኑ ከፍተኛውን የሚፈልግ ሰው ከ7800ኤክስ3ዲና ከ9800ኤክስ3ዲ ይምረጥ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በ449 ዶላር፣ ሁለተኛው በኅዳር 2024 በ479 ዶላር ወጡ። ሁለቱም ስምንት ኮርና 96 ሜጋባይት ካሽ ሲኖራቸው፣ በሁለተኛው ካሹ ከኮሮቹ ሥር ስለተቀመጠ ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣል፣ ፍጥነቱም 5.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። እዚህ ላይ ስለ መጠበቅ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። 9800ኤክስ3ዲ ሊወጣ ሲቃረብ የ7800ኤክስ3ዲ ዋጋ ይወርዳል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ2024 አጋማሽ ወደ 350 ዶላር አካባቢ ወርዶ የነበረው ዕቃ በመኸሩ ከመነሻ ዋጋው በላይ ወጣ፤ አዲሱም ለሳምንታት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ሰነበተ። ያለው ፕሮሰሰር ረክሶ ካገኙት፣ አዲሱ ሲመጣ የበለጠ ይረክሳል ብለው አያሳልፉት።

የኤኤምዲ ተፎካካሪ የሆነው የኢንቴል ኮር አልትራ 200ኤስ ትውልድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሲወጣ በጌም ረገድ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ ኩባንያው ራሱም ውጤቱ እንደታቀደው አለመሆኑን አምኗል። ሆኖም ማታ እየተጫወተ ቀን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በዚህ ከተማ ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው 20 ኮር ያለው አልትራ 7 265ኬ በንጹሕ የጌም ሰንጠረዥ ከሚታየው ደረጃ በላይ ዋጋ አለው። በጣም ትንሽ ገንዘብ ይዞ ለሚጀምር ደግሞ ያገለገለ ኮር አይ5 12400ኤፍ ከዲዲአር4 ማዘርቦርድ ጋር እስከ ዛሬ የማያሳፍር ምርጫ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ንጽጽር ሁሉ የማያነሣው የእኛው ከተማ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ቢያንስ በአምስተኛ እጅ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በአየር በመሆኑ ያው ኩለር እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የክፍላችን ቅዝቃዜ ጥቂት ያካክሳል፤ በበጋ ከግንባታ የሚነሣው አቧራ ግን መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ እኩል ይመዝኑ። ኮር አይ9 14900ኬ እስከ 253 ዋት እንዲስብ ተፈቅዶለታል፤ 9800ኤክስ3ዲ 120 ዋት ተብሎ ቢሸጥም ጣሪያው 162 ነው፤ 65 ዋት የሚባሉት ራይዘኖች ደግሞ እስከ 88 ይደርሳሉ። መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። 650 ቪኤ የሚባለው የተለመደው ዩፒኤስ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው፤ 7600ን ከአርቲኤክስ 4060 ጋር ከነሞኒተሩ ይዞ ጨዋታውን በሰላም ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል፣ 14900ኬን ከከባድ ካርድ ጋር ግን በዚያው ቅጽበት ሊጥለው ይችላል። አዲሱ ፕሮሰሰር ፈጥኖ ዋቱንም አብሮ ከጨመረ፣ የኩለሩንና የዩፒኤሱን ተጨማሪ ወጪ በዋጋው ላይ ደምረው ያነጻጽሩ።

አዲሱን ለመግዛት ቢወስኑ እንኳ ከወጣ በኋላ ሁለት ወር ያህል መታገሥን አጥብቄ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የፀደይ ወራት አንዳንድ ማዘርቦርዶች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ በመስጠታቸው አዳዲሶቹ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከነሶኬታቸው የተቃጠሉባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ኤኤምዲም በፕሮሰሰሩ ውስጥ የራም መቆጣጠሪያውን የሚያሠራው የሶሲ ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ የሚያግድ የባዮስ ማሻሻያ አወጣ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ያለመረጋጋት ችግርም ምክንያቱ የተነገረው ፕሮሰሰሮቹ ከወጡ ከብዙ ጊዜ በኋላ በ2024 ሲሆን፣ ኩባንያው ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። አምራቹ አገልግሎት በሚሰጥበት አገር ያለ ገዢ እንዲህ ሲሆን በቀላሉ መልሶ ያስቀይራል። በሻንጣ ከዱባይ ላስመጣ የፒያሳ ገዢ ግን አንድ መመለስ ወራት ነው። ስለዚህም በካርቶን የታሸገውን እንጂ ትሬይ የሚባለውን ያለካርቶን የሚሸጥ ፕሮሰሰር አይግዙ፤ በካርቶን ያለው የሦስት ዓመት የአምራች ዋስትና ሲኖረው፣ ትሬይ ግን ለተጠቃሚው ቀጥተኛ የአምራች ዋስትና የለውም።

ማዘርቦርዱን ዛሬ ሲገዙ ደግሞ ያለ ፕሮሰሰርም ቢሆን ባዮስ ከፍላሽ ላይ መጫን የሚያስችል ቁልፍ በስተጀርባው እንዳለ ይዩ። እዚህ መደርደሪያ ላይ የቆየ ማዘርቦርድ የድሮ ባዮስ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ አዲሱ ፕሮሰሰር ሲገባበት ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። በኤኤም5 ፒኖቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ሶኬት ውስጥ ነው፤ 1718 ጥቃቅን ፒኖች በመደዳ ቆመዋል፣ አንዷ እንኳ ብትታጠፍ አንደኛው የራም መስመር ላይሠራ ይችላል። ሜክሲኮ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ማዘርቦርድ ስገዛ የፕላስቲክ ሽፋኑን አስከፍቼ፣ የስልኬን መብራት ከጎን አብርቼ፣ በካሜራው አጉልቼ ረድፍ በረድፍ አየሁት። ብርሃኑ በሁሉም ጫፍ ላይ እኩል ሲያብለጨልጭ በቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ጠቁራ ነበር፤ ሻጩም አይቶ ያለ ክርክር ሌላ አወጣልኝ። ፕሮሰሰሩ ላይም በካርቶኑ መስኮት የሚታየው ተከታታይ ቁጥር ከካርቶኑ ጽሑፍ ጋር መግጠሙን ካየሁ በኋላ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ። ሻጩ ሶኬቱን ለመክፈት ፈቃደኛ ካልሆነ ግን ያንን ማዘርቦርድ አልገዛም።